የማንዶሊኑ ድድ

በዚያ ሰፈር ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ ሰው ሲስቅ ካያችሁ፣ ግማሹ የሚስቀው በእሱ ጥርስ ነው። ስለዚህ ሰዉ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ትቶ «ጥርሴ» ይለዋል። እሱም ለምዶታል፤ በዋና ስሙ የሚጠራው ሰው ቢመጣ መጀመሪያ ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ጋር ተጣብቆ ይውላል። ከጀርባው ባለው መደርደሪያ ላይ የጀሶ መንጋጋዎች ተደርድረዋል። የጡረተኛው ዳኛ መንጋጋ ከአትክልት ሻጯ መንጋጋ ጎን ቁጭ ብሏል፤ ውጭ ሰላም የማይባባሉ ጎረቤታሞችም እዚያ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይኖራሉ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ ቀድሞ የሚያየው አፉን ነው፤ ስሙ ቢጠፋው እንኳ የላይ መንጋጋውን ያስታውሳል። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ እውነቱን ይንገሩኝ፣ የት ጋ ነው የሚቆረቁርዎት? ሰው ለትሕትና ብሎ «ደህና ነው፣ ምንም አይል» ካለው ይቆጣል። የሚያመውን የደበቀ ሰው ጥርስ ሊሠራለት አይችልም። ይህን የሚል ሰው አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ደብቆ እንደኖረ ስትሰሙ ትታዘቡታላችሁ፤ እሱም ራሱን ከታዘበ ቆይቷል።

ነገሩ የአባቱ ማንዶሊን ነው። አባቱም ጥርስ ሠሪ ነበሩ፤ ያችን ክፍልና ያንን ጠረጴዛ ያወረሱት እሳቸው ናቸው። የሳምንቱን ጀሶ ከእጃቸው አጥበው እሑድ ከሰዓት በኋላ ማንዶሊኑን ከግድግዳው ያወርዱና ጭናቸው ላይ ያስቀምጡታል። ሆዱ እንደ ተከፈለ ሐብሐብ የተነፋ፣ ስምንቱ ክሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተወጠሩ ዕቃ ነው። ለእንግዳ ሁሉ ታሪኩን ሳይነግሩ አይለቁም። ናፖሊ ውስጥ አንድ ጌታ ሠሪ ብቻውን ሁለት ዓመት ፈጅቶበት ሠራው፤ በዓለም ላይ የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ በቀዳዳው ጎንበስ ብሎ ላየም የጌታው ስም ውስጥ ተለጥፎ ይታያል። ልጆቹ ታሪኩን በቃላቸው ስለሚያውቁት፣ ሦስቱ ማንዶሊኖች አንዳንድ እሑድ ወደ ሁለት ሲወርዱ ከንፈራቸውን ነክሰው ይስቁ ነበር።

ጨዋታውን ያስተማሩት ሴት ልጃቸውን ነው። ጥርሴም ሞክሮ ነበር፤ ጆሮው የእንጨት ነው ተባለና ቀረ። በአራት ዓመት የምታንሰው እህቱ፣ የልጅ ልጅ አይታም ቤተሰቡ ዛሬም ድረስ «ሚጢ» የሚላት፣ አንድ ዜማ ሁለቴ ከሰማች ይበቃታል። በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ትምህርት በሚዘጋበት ቀን መድረክ ላይ ብቻዋን እንድትጫወት ተመረጠች። አባትየው ያን ሰሞን ደንበኞቻቸውን አፍ አስከፍተው ስለ ልጃቸው ያወሩላቸው ነበር፤ አፉ ውስጥ ሰም የተሞላ ሰው ደግሞ ጥሩ አድማጭ ነው።

በዚያው ሳምንት፣ ወላጆቹ ዘመድ ሊጠይቁ ወጥተው ሚጢም ትምህርት ቤት ሳለች፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጥርሴ ማንዶሊኑን ከግድግዳው አወረደው። ምክንያቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ባለው መስታወት፣ ጨዋታ የሚችል ሰው ሆኖ ምን እንደሚመስል ሊያይ ፈልጎ ነው። አገጩን ቀና አደረገ፣ ትከሻውን ዝቅ አደረገ፣ ፈገግ አለ። ያን ጊዜ ክቡ ሆድ ከጭኑ ላይ ተንሸራተተና ማንዶሊኑ የብረት አልጋውን ጠርዝ በፊቱ መታ። ከቀዳዳው አጠገብ ሁለት ጣት የሚያህል ስንጥቅ ወጣ።

ሌላ ልጅ ቢሆን ያለቅስ ወይም ይሸሽ ነበር። እሱ ግን የጥርስ ሠሪ ልጅ ነው፤ የተሰነጠቀ ነገር ሲያይ እጁ የሚሄደው ወደ ሮዙ ዱቄት ነው። ሰው ሠራሽ ድድ የሚሠራበት ዱቄት ነው፤ ፈሳሹ ሲጨመርበት እንደ ሊጥ ይሆንና በደቂቃዎች ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ማንዶሊኑን ወደ ሥራ ክፍሉ ወሰደ፤ ክሮቹን አላላ፤ አፍ ውስጥ የምትገባውን ትንሽ ክብ መስታወት በቀዳዳው አስገባና ግልባጩን እያየ ስንጥቁን ከውስጥ በኩል በሮዝ ድድ ደፈነው። ከውጭ ቡናማ የጫማ ቀለም አሸት አሸት አደረገበት። ክሮቹን መልሶ ወጠረ፣ ቦታው ላይ ሰቀለው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚያ የተሻለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቶታል።

በአራተኛው ቀን ሚጢ ሳሎን ተቀምጣ ስትለማመድ ማንዶሊኑ ጧ አለ። ስንጥቁ በእጇ ላይ እስከ ታች ድረስ ተተረተረ። አባትየው ከጓዳ መጡ። አልመቷትም፣ አልጮኹባትም፤ ቢመቷት ይሻል ነበር። ዕቃውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ነገር አይይዝም» አሏት። ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት። ጥርሴ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። አፉን ሊከፍት ነበር፤ አልከፈተም። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። በነጋው ቤቱ ውስጥ እንግዳ ነበር። አባባ ቀዝቀዝ ሲሉ እነግራቸዋለሁ አለ፤ አባባ ቀዝቀዝ ሲሉ ደግሞ የቀዘቀዘ ነገር መቀስቀስ ከበደው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዝምታው እንደ ጀሶ ደረቀ።

ትምህርት በተዘጋበት ቀን በሚጢ ፈንታ አንድ ልጅ ግጥም አነበበ። እሷም ከዚያ ወዲያ ክር ያለው ነገር አልነካችም። የአባቷ ቃል ግን አብሯት አደገ። ፖስታ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ «ተሰባሪ» የሚል የተጻፈበት ጥቅል ሲመጣ አጠገቧ ላለው ሠራተኛ ታሳልፈው ነበር። ቤቷ እንግዳ ሲመጣ ብርጭቆ የሚያቀርበው ባሏ ነው። «እኔን ተዉኝ፣ እጄ ነገር አይይዝም» ትላለች እየሳቀች፤ ቤተሰቡም አብሯት ይስቃል፤ የቤት ቀልድ ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ጊዜ ጥርሴ ሊጠይቃት ሄዶ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ከአልጋው ሳታነሳው አያትና «ያዢው እንጂ፣ ምን ሆነሻል?» አላት። «ብጥለውስ ወንድም ጋሼ?» አለችው። ያን ቀን እራቱን ሳይበላ ተኛ። አልተናገረም ግን።

አባትየው ባለፈው ዓመት በዘጠና አንድ ዓመታቸው አረፉ። ከመድከማቸው በፊት ማንዶሊኑን ለወንድ ልጃቸው አወረሱ፤ «እሱ ነገር ይይዛል» ብለው፣ ሚጢ በተቀመጠችበት። ሚጢ ቅር አላላትም፤ እውነታቸውን ነው አለች። በመጨረሻ ቀናቸው አልጋቸው ሥር ተንበርክካ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ንግግራቸው ጠፍቶ ስለነበር ይስሙ አይስሙ አልታወቀም።

ዓመቱ ሲሞላ እህትየው አንድ ሐሳብ ይዛ መጣች። የማንዶሊኑ ምንነት ይታወቅ፤ የት ተሠራ፣ ማን ሠራው፣ ደረጃውስ ምንድን ነው። አባባ ሲመኩበት የኖሩት ነገር እውነት ከሆነ እንወቀው፣ ውሸትም ከሆነ እንሳቅበት አለች። የሙዚቃ መሣሪያ የምትጠግን፣ ዕቃ አይታ ልደቱን የምትናገር ሴት አለች ብላ አድራሻዋን በወረቀት ሰጠችው። እሱም «ጥሩ፣ እንሄዳለን» አለና ዛሬ ነገ እያለ ሦስት ሳምንት ገፋት።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ምን ሲሠራ ነበር ቢባል፣ በሩን ዘግቶ ማንዶሊኑ አፍ ውስጥ ሲመለከት ነበር። መስታወቱን ባስገባ ቁጥር ሮዙ እዚያው ነው፤ እንደ ጤነኛ ሕፃን ድድ ያበራል። ሊያጠቁረው ሞከረ። የዕቃ ቀለም ቀባው፣ ተጠርጎ ወጣ። የጫማ ቀለም ቀባው፣ እሱም ተጠርጎ ወጣ። በወፈረ ሻይ የራሰ ጥጥ በወረንጦ ይዞ ግማሽ ቀን ለጠፈበት፤ ድዱ ንጽሕናውን ጠብቆ ዋለ። «ሻይ ቢጠጡ፣ ሲጋራ ቢያጨሱ፣ ይህ ቀለም አይዝም» እያለ ለደንበኞቹ ሲምል የኖረው እሱ ራሱ ነው። ምናለ አንዴ እንኳ የዋሸሁ ነጋዴ ብሆን ኖሮ አለ ለራሱ፤ ወዲያው ግን ያሰበውን ነገር ሰምቶ ጆሮው ድረስ ቀላ።

በመጨረሻ ሰበብ አለቀበትና ሄዱ። የጠጋኟ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከጣሪያው በታች አንገታቸው ላይ ወረቀት የታሰረባቸው መሣሪያዎች ተሰቅለዋል፤ ሙጫና የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸታል። ጠጋኟ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ወፍራም ሴት ናት፣ ከጆሮዋ ላይ እርሳስ የማይለይ። ከሰው በፊት ዕቃውን ነው ሰላም የምትለው። ገና ከመጀመሯ በፊት ሕግዋን ነገረቻቸው። እሷ ጋ የገባ ዕቃ ላይ እስከ ዛሬ የተደረገው ጥገና ሁሉ፣ ማን እንደጠገነውና መቼ እንደሆነ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ውስጡ ይለጠፋል፤ የሚመጣው ሰው እንዳይሳሳት። ሳይፈርም የሚጠግን ሰው ወይ በሥራው ያፈረ ነው፣ ወይ ራሱ የሰበረው ነው አለች። ጥርሴ የተሰቀሉትን መሣሪያዎች የሚያደንቅ መስሎ ቀና አለ።

ጠጋኟ ከላይ ጀመረች። መቃኛዎቹን አዟዟረች፤ የአንገቱን ቀጥታ በአንድ ዓይኗ አነጣጥራ አየች። ሆዱ የተሠራባቸውን ቀጫጭን እንጨቶች በጣቷ ቆጠረች፤ አሥራ አምስት ሆኑ፤ ጌቶቹ ሠሪዎች ከሃያ አምስት በላይ ይጠቀሙ ነበር አለች። ከቀዳዳው ሥር ያለችውን፣ አባትየው የባሕር ኤሊ ቅርፊት ናት ይሏት የነበረችውን ጌጥ በአውራ ጣቷ ፈትጋ ጣቷን ለሚጢ አስሸተተቻት። ልብስ ሣጥን ውስጥ የሚጨመረውን የብል መድኃኒት ትሸታለች። ይህ የድሮ ፕላስቲክ ነው፣ ኤሊ እንዲህ አይሸትም። ወረቀቱ ላይ የናፖሊ ጌታ ስም አለ፣ ማንዶሊኑ ግን ናፖሊን በዓይኑ አላያትም። ከብሎኖቹና ከአንገቱ እንጨት እንደምታየው ጀርመን አገር፣ አንዱ አንገት ሌላው ሆድ በሚሠራበት ፋብሪካ፣ በሺህ ከተሠሩት አንዱ ነው፤ የጣሊያን ወረቀት የሚለጠፍበት ገዢ ስለሚወደው ነው።

«በዓለም ላይ ሦስት ብቻ» አለች ሚጢ፣ ሳቋ አፍኗት። ጥርሴም ሳቀ። ከልቡ ሳቀ፤ ለአንዲት ደቂቃ የመጣበትን ነገር ረስቶት ነበር።

ጠጋኟ አልሳቀችም። ፊቱ የተሠራበት እንጨት ጥሩ ነው አለች፤ መስመሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ያን እንጨት የመረጠው ሠራተኛ ጆሮ ነበረው። የመካከለኛ ደረጃ ዕቃ ነው፤ የማያሳፍር። ከዚያ ስንጥቁን ከውስጥ ልየው አለችና መሳቢያዋን ከፈተች። የእሷ መስታወት ትልቅ ነበር፤ በቀዳዳው አልገባ አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያንተን ስጣቸው እንጂ» አለች ሚጢ። «ደረት ኪስህ ውስጥ አይደለች ሁልጊዜ?»

ነበረች። ሰው እስክሪብቶ በሚይዝበት ኪስ እሱ መስታወት ነው የሚይዘው። የለችም ሊል አሰበ፤ መያዣዋ ግን ከኪሱ ብቅ ብላ እያብለጨለጨች ነው። አውጥቶ ሰጣት።

ጠጋኟ ለረጅም ጊዜ አየች። አንዴ መስታወቷን አየት አደረገች፣ አንዴ ሰውየውን። ውስጡ ሮዝ ነው አለች፤ ይህ የጥርስ ሠሪ ሥራ ነው፣ ያውም የጎበዝ እጅ። ሚጢ ልየው ብላ መስታወቷን ተቀበለች። ጎንበስ አለች፤ አየች፤ ከዚያ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«አባባ ናቸው» አለች። «ቆልፈውበት ሳለ፣ እኔ ሳላይ ሊጠግኑት ሞክረዋል። ወንድም ጋሼ፣ ይቅር ብለውኝ ነበር ማለት ነው እኮ። ሳይነግሩኝ ይቅር ብለውኝ ነበር።» መሐረቧን አውጥታ እንደ ልጅ አለቀሰች፤ የደስታ ልቅሶ ነው።

ጥርሴ ዝም ቢል እህቱ ይህን ደስታ ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ነገር ነው። እንዴት ይነጠቃል? አርባ ሦስት ዓመት ፍርሃት ሲለው የኖረውን ነገር ደግነት ብሎ ሊጠራው ምንም አልቀረውም ነበር።

ጠጋኟ ትንሿን ወረቀት ሳበችና ጠጋኙን ማን ልበል ብላ ጠየቀች። ሚጢ እንባዋን እየጠረገች የአባቷን ስም ከነአያታቸው ነገረቻት፤ በኩራት፣ ፊደል በፊደል። እርሳሱ መጻፍ ጀመረ። ጥርሴ የአባቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል ወረቀቱ ላይ ሲወጣ አየ።

«አይጻፉት» አለ። «እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ።»

ሚጢ ቀና አለች። ፊቷ በራ። «አንተ ነህ? ለእኔ ብለህ?»

ከዚህ ሁሉ ዓመት የከፋችው ያቺ ቅጽበት ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «አይደለም ሚጢ» አለ። «ከአንቺ በፊት ነው። የጣልኩት እኔ ነኝ። ጣልኩት፣ ደፈንኩት፣ ሰቀልኩት። አንቺ እጅ የገባው የተሰበረ ዕቃ ነው።»

ጠጋኟ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሳ፣ ሮዙ ራሱ መሐል ለመሐል መሰንጠቁን፣ ክር ሲወጠር የማይቀር እንደነበር፣ ማንም ቢይዘው እንደሚከፈት ተናገረች። ሚጢ የሰማች አልመሰለችም። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ መዳፏን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እያደረገች ታያቸው ነበር። ድምፅዋ ሲመጣ ዝቅ ያለ ነበር።

«አባባን ይቅርታ ስለምናቸው፣ ውኃ ይዘህ ከኋላዬ ቆመህ የነበርከው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ሰምተኸኛል?»

«ሰምቼሻለሁ።»

ቦርሳዋን አነሳችና ወጣች። የእግሯ ድምፅ ደረጃውን ሳይቸኩል ወረደ። ጥርሴ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ቀረ። ጠጋኟ መስታወቱን ጠርጋ፣ በመያዣው በኩል አድርጋ ዘረጋችለትና ቅዳሜ ይምጡ አለችው።

ያ ሳምንት አላልቅ አለው። ሁለት ጊዜ ደውሎላት አላነሳችም፤ ሦስተኛውን ለመደወል ዓይኑን በጨው ማጠብ ነበረበት፣ አልቻለም። ሐሙስ ቀን አንዲት አሮጊት አዲሱን ጥርሳቸውን አድርገው «ደህና ነው ልጄ፣ ምንም አይል» ሲሉት፣ የት ጋ ነው የሚቆረቁርዎት ብሎ መጠየቅ አፈረ። እሺ እማማ ብሎ ሸኛቸው።

ቅዳሜ ሲደርስ ሚጢ ቀድማው መጥታለች። ማንዶሊኑ ጭኗ ላይ ነው። ስንጥቁ በወጉ ተጣብቆ፣ ከውስጥ በቀጭን እንጨት ተደግፎ፣ አዲስ ክር ተወጥሮለታል። ሮዙን ግን እህትዎ አይነካ ብለውኛል አለች ጠጋኟ። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀምጧል። ሚጢ «ወንድም ጋሼ» አላለችውም። ወረቀቱን በጣቷ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

ተቀምጦ ጻፈ። እጁ የሰለጠነ ስለሆነ በትንሿ ወረቀት ላይ ሁሉም በቃው። ይህን ማንዶሊን የጣልኩትና የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ፤ ደብቄ ጠገንሁት፤ እህቴ አልሰበረችውም። ሥሩ ላይ ስሙን ከነአባቱ፣ የዚያን ጊዜውንም ዓመተ ምሕረት ጻፈበት። ጀርባውን ሙጫ ቀባ፤ በወረንጦ ያዘው፤ መስታወቱን ከኪሱ አወጣና ልማድ ሆኖበት ወረንጦውን በቀዳዳው ወደ ላይ፣ ወደ ሮዙ ጎን መለሰ።

«እዚያ አይደለም» አለች ሚጢ። «እዚያ በመስታወት ካልሆነ አይታይም። ከታች፣ ከፋብሪካው ወረቀት ጎን ለጥፈው። ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ።»

መስታወቱን አስቀመጠና ከታች ለጠፈው። ሚጢ አንድ ዓይኗን ጨፍና በቀዳዳው ጎንበስ አለች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

«ጽሕፈትህ ያምራል» አለች። «አባባ ግን አላነበቡትም።»

ሚጢ ማንዶሊኑን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በሁለት እጇ አቅፋ ተነሳች። ጥርሴ በሩን ሊከፍትላት ቶሎ ብሎ ሄደ፤ እሷ ግን ቀድማ በክርንዋ ከፍታው ነበር።